ለአጎትሽ የታዘዘው ውሃ

መስከረም 22

የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍልሽ፤ ደጋግመሽ አንብቢው። አጎትሽ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ውሃ እንደ ልቡ መጠጣት አይችልም። በቀን የተፈቀደለት ሰባት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ ሊትር ጠርሙስ ላይ ሩቡ ሲቀነስ የሚቀረው ማለት ነው። ኩላሊቶቹ ውሃ ማስወጣት እየተዉ ስለሆነ ከዚያ በላይ የጠጣው እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፈጣሪ በወጣሽበት ሰው አገር ይጠብቅሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቃናልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ።

የሆነውን በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አጎትሽ ሱቁን ሊከፍት ወጥቶ በሩ ላይ ቁጭ አለ። ሠፈሩ ሁሉ «ደቂቃ» የሚለው ሰዓት ሠሪ፣ ደንበኛውን «አንድ ደቂቃ» እያለ ሳምንት የሚያስጠብቀው ወንድሜ፣ ያን ዕለት አንድ ደቂቃ መቆም አቃተው። «ደረቴ ላይ ሰው የቆመ ይመስለኛል» አለኝ። እግሩን ሳየው ጫማው አልገባ ብሎት ተረከዙን ረግጦ ነበር የወጣው። ጣቴን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስጫነው ሊጥ የነካሁ ይመስል ጎድጉዶ ቀረ።

ሆስፒታል ሐኪሟ «ውሃ ምን ያህል ይጠጣሉ?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ቀድሜ መለስሁ። «በቀን አራት ሊትር! አንድም ቀን አላጓደልንም» አልኋት። የቤት ሥራውን ሠርቶ እንደመጣ ተማሪ ኮርቼ ነበር። ብዕሯን አስቀመጠች።

«አባቴ፣ ወንድምዎን እኮ በውሃ እያሰመጡት ነው።»

ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ነበር። ቃሏ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ሌላውን ሁሉ የማይሰማው ጆሮዬ ይህን አጥርቶ ሰማ። «ኩላሊቱ ደክሟል» የተባልን ጊዜ «ውሃ በብዛት ይጠጣ፣ ውሃ ኩላሊትን ያጥባል» ያልሽው አንቺም ነሽ፣ ጎረቤትም ነው፣ እኔም ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማርሁ ሰው ሳልጠይቅ ተቀበልሁት።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ማሽን ደሙን ያጥብለታል። ውሃውን የምይዘው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠርሙስ ላይ ሰባት መቶ ሃምሳ እሞላለሁ። ሻይ ከጠጣ የሻዩን ልክ ከጠርሙሱ እደፋለሁ፤ ሾርባ ከጠጣ የሾርባውን። በረዶም፣ ወተትም፣ ብርቱካንም ውሃ ናቸው። ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ የዚያ ቀን ውሃ አለቀ። በየማለዳው ይመዘናል፤ ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ። እሱ ደግሞ «ቆጣሪው» ብሎኛል። ስገባ «ቆጣሪው መጣ፣ ቧንቧ ዝጉ!» ይላል።

ስልክ ላይ ጆሮዬ ግማሹን እንደሚውጠው ታውቂያለሽ። እሱን በስልክ ብትጠይቂው ደግሞ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር አይነግርሽም። ስለዚህ በወረቀት ጻፊልኝ።

አጎትሽ

ጥቅምት 14

ለተከበሩት ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዕድሜዎን ያርዝመው፤ አጎቴንም ከተኛበት ያንሳው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቆሜ ከፈትኩት። «አራት ሊትር» የሚለው ላይ ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ፣ በስልክ ያንን ያልኩት እኔ ነኝ እኮ! «ዝም ብላችሁ አጠጡት» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ድምቡሼ ገብታ አየችኝ።

«ማን ሞተብሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ፊትሽ ለምን አንሶላ መሰለ?»

 ሰው ልገድል ነበር ይባላል እንዴ?

ቀደም ሲል ሥራዬን ጠይቀውኝ ነበር። የሆቴሎች አንሶላና ፎጣ ነው የምናጥበው። እኔ ያለሁት መተኮሻው ማሽን ላይ ነው፤ እርጥቡን አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዤ አስገባለሁ፣ ድምቡሼ በዚያኛው በኩል ደርቆ ሲወጣ ትቀበለዋለች። እንፋሎቱ መስኮቱን ስለሚያለብሰው ውጭ ፀሐይ ይሁን ዝናብ አናውቅም። ሸሚዜ ከረፋዱ በፊት ተጠምዝዞ ውሃ ይወጣዋል።

ጋሼ፣ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ። አጎቴን ሕመሙ ሲጀምረው ጎኑን ያመው ነበር? ስንት ዓመቱ ነበር? የደም ግፊቱ ነው የቀደመው ወይስ ኩላሊቱ? ኩላሊቱ ግማሽ በግማሽ ይሠራል የተባለ ጊዜ ምን ይበላ ነበር? የእናቴስ ሕመም ይኸው ይሆን? ደግሞ ደብተርዎ ላይ ያለውን የውሃ ሠንጠረዥ ሙሉውን ገልብጠው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አጎቴን ይሳሙልኝ። አራት ሊትሩን ይቅር በለኝ ትላለች ይበሉልኝ።

ልጅዎ

ኅዳር 3

የእህቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። አጎትሽ ይቅርታሽን ሰምቶ «ንገራት፣ ውሃውን የላከችው በስልክ ነው፤ የጠጣሁት ግን በራሴ አፍ ነው» ብሏል።

ጥያቄዎችሽን በተራ እመልሳለሁ። ጎኑን ያመው የጀመረው በሠላሳ አምስት ዓመቱ ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚሠራ ነው ብለን ተውነው። የደም ግፊቱ ቀደመ። ግማሽ በግማሽ የሠራበትን ጊዜ አናውቀውም፤ ሐኪም ፊት የቀረበው ከዚያ አልፎ ከደከመ በኋላ ነው።

ስለ እናትሽ የጠየቅሽው ከባድ ነው። ሐኪሟ የወንድሜን ኩላሊቶች ምስል አሳየችኝ፤ ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች ተሞልተው ከልካቸው በላይ አድገዋል። «ይህ በዘር የሚሄድ ነው» አለች። የእህቴ ሆድ እንዴት ተነፍቶ እንደነበረ፣ እግሯም እንዴት እንዳበጠ ስነግራት ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኛ ጉበት ነው ብለን ነው የቀበርናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ጉበት ስል ኖርሁ።

እኔ ተመርምሬ የለብህም ተብያለሁ። አንቺስ ተመርምረሻል? ይህን ጥያቄ ሳትዘይ መልሺልኝ።

አሁን ደግሞ ያስደነገጠኝን ልንገርሽ። ሰኞ ማለዳ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከሐሙስ ይልቅ ሦስት ኪሎ ጨምሯል። ደብተሬ በየቀኑ ሰባት መቶ ሃምሳ ይላል።

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው» አለኝ።

«ሚዛኑ አልተበላሸም።»

«እንግዲያው እርጅና ነው። ሰው ሲያረጅ ይከብዳል።»

«እኔ በስድስት ዓመት እበልጥሃለሁ፤ ለምን አልከበድሁም?»

«አንተማ ደርቀህ ነው!»

ከማሽኑ ቀን ሌላ ሱቁ ስለሚውል ተነሥቼ ወደዚያ አካባቢ ሄድሁ። ከጎኑ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠየቅሁት። «አንድ ጉንጭ ብቻ ነው ጋሼ፤ ሲለምነኝ አንጀቴ አልችል አለ» አለኝ። የመድኃኒት ቤቷን ሠራተኛ ጠየቅኋት። «ክኒን ልውጥ ብሎኝ ነው» አለችና ትንሽ አስባ «ግን ጋሼ፣ በቀን ስንቴ ነው ክኒን የሚውጠው?» ብላ ደነገጠች። ቁልፍ ቀራጩ፣ ጋዜጣ ሻጩ፣ ሁለት ደንበኞች፤ ስድስቱም «አንድ ጉንጭ ብቻ» አሉኝ። እያንዳንዱ ብቻውን የሰጠ ይመስለው ነበር። ቤት ተመልሼ ደብተሬን ስከፍት እሁድ ከሰዓት በኋላ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሳየው ከራሴ ብርጭቆ ያቀመስሁት ትዝ አለኝ። አልመዘገብሁትም። ሰባተኛው ሰው እኔ ነበርሁ።

አሁን አፉን ተጉመጥምጦ ይተፋል፤ ጎምዛዛ ከረሜላ ይመጥጣል። ጨው ቀንሰናል፤ ጥማቱን ከሁሉ በላይ የሚቀሰቅሰው ጨው መሆኑን ሐኪሟ ነግራናለች።

ሠንጠረዡን በጥቁርና በቀይ ብዕር ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ርእሱ «የኩላሊት ሕመምተኛ የቀን ውሃ» ይላል። መስመሮቹን በማስመሪያ ነው ያሰመርኋቸው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 12

ለተከበሩት ጋሼ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ፤ ሥራ በዝቶብን ነበር።

የእናቴን ነገር አንብቤ ብዙ ቀን ሰው ማነጋገር አልቻልኩም። ጉበት እያልኩ ነበር ያደግኩት። ስለሷ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ስለ ሠንጠረዡ አመሰግናለሁ። ግሩም ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት የእጅ ጽሕፈት ነው። ቀላልም ነው፤ ቆመው በሚሠሩበት ቦታ እንኳ ሳይቸግር ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ክብደት ሲጨምር ምን እንደሚደረግ ጽፈዋል። ሲቀንስስ? በሁለት ሳምንት ሦስት ኪሎ ቢቀንስ መልካም ነው ማለት ነው? ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ቢጠቁርስ? ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይን ቢጨልም፣ እሱም ከኩላሊቱ ነው?

አጎቴን በስልክ አግኝቼው ነበር። «ደህና ነኝ» አለኝ። እኔም «ደህና ነኝ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ

ጥር 1

የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ዛሬ አጭር ነው የምጽፍልሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በሦስተኛው ምልክቶቹን በቀይ ብዕር አሰመርሁባቸው። ወንድሜ ክብደት አልቀነሰም። ሽንቱም እንደ ሻይ አልጠቆረም፤ ሽንት የሚባለው ራሱ እየጠፋበት ነው። ሲነሣ ዓይኑ ጨልሞበት አያውቅም። እነዚህን ምልክቶች እኔ ጽፌልሽ አላውቅም። ታዲያ የማን ናቸው?

ተመርምረሻል ወይ ብዬሽ ነበር፤ አልመለስሽልኝም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈተና ወረቀት ያረምሁ ሰው ነኝ፤ የተዘለለ ጥያቄ ቶሎ ይታየኛል። በስልክ ያልጠየቅሁሽ «ደህና ነኝ» እንደምትይ ስለማውቅ ነው። በወረቀት ግን ዋሽተሽኝ አታውቂም።

ሠንጠረዡን የሚከተለው ማን ነው?

አጎትሽ

ጥር 19

ጋሼ፣

ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነኝ።

ከዘጠኝ ወር በፊት ጎኔን አሞኝ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሆዴን በማሽን አዩት፤ ደሜንም ወሰዱ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሁለት ባቄላ የመሰለ ነገር ሣለና ውስጡን በክቦች ሞላው። ከዚያ አንዱን ባቄላ በጣቱ ሸፈነው፤ ግማሹ ነው የሚሠራው ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ሌላውን ቋንቋው ስለሚከብደኝ ግማሹን እንኳ አልሰማሁትም። ቀጠሮ ሰጡኝ። አልሄድኩም። ታማሚ መሆኔ ሥራ ቦታ እንዳይታወቅ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን እናቴን ፈራሁ፤ እሷን ሆኜ እንዳልገኝ።

የእርስዎ ሠንጠረዥ ሲመጣ አለቀስኩ፤ በሚገባኝ ቋንቋ፣ በሚገባኝ እጅ የተጻፈ። ሐኪሙ ያልነገረኝን ጋሼ ነገሩኝ አልኩ። ልብስ መቀየሪያ ሳጥኔ በር ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ሰባት መቶ ሃምሳ እሞላለሁ፤ ሻይ ከጠጣሁ እደፋለሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩም። ማሽኑ ፊት ምላሴ ከላንቃዬ ሲጣበቅ አጎቴም እኮ ችሎታል እያልኩ እታገሣለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንሶላው በእጄ እንዳለ ወደቅኩ። ዓይኔን ስከፍት ድምቡሼ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ብርጭቆ አፌ ላይ ደቅናለች።

«ጠጪ!»

ጥርሴን ነከስኩ። «አልችልም፣ ሰባት መቶ ሃምሳዬን ጨርሻለሁ» አልኳት።

«ምንሽን ነው የጨረስሽው? አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ጠጪ እያልኩሽ ነው!»

ያፈሰሰችልኝን ተፋሁት፤ ጋሼ፣ ተፋሁት። አለቃችን ወደ ቤት ሰደደኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን ቁርጥማት ይይዘኛል፤ ሽንቴም ትንሽ ነው። አጎቴ ሲደውል ድምፄን እንዳያውቅብኝ ብዬ አላነሣም።

አይቆጡኝ። ምን ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሁሉንም እንደ ሠንጠረዡ ነው ያደረግኩት።

ልጅዎ

የካቲት 9

የእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ፖስታ አልጠብቅም፤ የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ይህን ገጽ አሁኑኑ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች።

አልተሳሳትሽም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።

የተፋሽው ውሃ ላይ ስደርስ ኮቴን ለበስሁ። ዛሬ አጎትሽ ደሙ የሚታጠብበት ቀን ስለነበር ደብዳቤውን ይዤ እየሮጥሁ ሐኪሟ ዘንድ ሄድሁ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ደረጃ ላይ ስሮጥ ያየኝ ዘበኛ «አባት፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ተከተለኝ። ሐኪሟ አንብባ ጨረሰችና ሠንጠረዡን ጠየቀችኝ። እኔ ጋ የቀረውን ከደብተሬ አውጥቼ አሳየኋት።

«ይህ የማን ነው?»

«የወንድሜ ነዋ!»

«የት ላይ ተጽፏል?»

ወረቀቱን አየሁት። የወንድሜ መጠሪያ የለበትም። ሐኪም ለእሱ ብቻ ያዘዘው መሆኑም አልተጻፈበትም። ሠላሳ አራት ዓመት ስም የሌለበትን ወረቀት አላርምም እያልሁ ስንቱን ልጅ አስለቅሻለሁ! የራሴን ወረቀት ግን ባለቤት ሳልጽፍበት፣ የኩላሊት ሕመምተኛ ሁሉ እንዲህ ይጠጣ የሚል ርእስ ሰጥቼ ባሕር አሻገርሁት።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ። ሐኪሟ ያለችው ይህን ነው። የአጎትሽ ውሃ የተገደበው መውጫ ስላጣ ነው፤ ልኩም የተወሰነው በቀን የሚሸናውን ለክተው ነው። የአንቺ ኩላሊት ግማሹ ይሠራል ከተባለና ውሃ ገድቢ ያለሽ ሐኪም ከሌለ፣ በዚያ እንፋሎት ውስጥ እየላበሽ ራስሽን ማስጠማት የቀረውን ግማሽ ይጎዳዋል። ሕመሙ አንድ ነው፤ ትእዛዙ ግን አንድ አይደለም። «እንግዲያው ልኳን ንገሪኝና ልጻፍላት» ብዬ ለመንኋት። «ያላየሁትን ሰው አልለካም» አለችኝ። «እንደገና አራት ሊትር ብላ እንዳትጀምርም ይንገሯት። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ወድቃለች፣ ሽንቷ ቀንሷል፤ ይህ ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም።»

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ሳጥንሽ በር ላይ የለጠፍሽውን ቅደጂው። ብቻሽን አትሂጂ፤ ድምቡሼን ይዘሽ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በይ፤ የጠየቅሽው ሁሉ በሚገባሽ ቋንቋ እስኪመለስልሽ ከወንበሩ አትነሺ። ኩላሊቴ ከረጢት አለበት፣ እናቴ በዚሁ ሞታለች፣ አጎቴ በማሽን ይታጠባል፣ ሁለት ወር ውሃ ገድቤ ነበር፣ ወድቄያለሁ፣ ሽንቴ አንሷል በያቸው። አንዱንም አትደብቂ። እናትሽን ያጣናት ማንም ስሙን ስላላወቀው ነው፤ የአንቺን አውቀነዋል።

አጎትሽ ማሽኑ ላይ እንዳለ ነገርሁት።  «እሷ አራት ሊትር ላከችልኝ፤ አንተ ሰባት መቶ ሃምሳ መለስህላት። እናንተ ዘመድ ናችሁ ወይስ ጠላት?» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። ሳየው ግን በነፃ እጁ ዓይኑን ሸፍኗል። ነርሷ መጥታ «አያልቅሱ፣ ግፊትዎ ይወጣል» አለችው። «ተዪኝ፣ ይኼኛው ውሃ እንኳ ይውጣልኝ» አላት።

በስልክ ድምፅሽን ሊሰማ ይፈልጋል፤ አንሺለት። እኔ የምፈልገው ግን ጽሑፍ ነው። የት ሆስፒታል እንደገባሽ፣ ያየሽ ሐኪም በራሱ አፍ ስንት ጠጪ እንዳለሽ፣ ከላይ ስምሽን አድርገሽ ጻፊውና ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ሠራተኛዋ መድኃኒት ቤቱን እስክትዘጋ ድረስ እዚሁ አጠገቧ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ልጄ፣ ቶሎ መልሺልኝ።

አጎትሽ